88 የተባለው ክንድ፦ የኪስ ራዳር ደብረ ማርቆስ ላይ ተሞክሮ

መጀመሪያ ፍርዴን ልንገራችሁ፤ የቸኮለ እዚህ ላይ ማቆም ይችላል። ዕቃው ጥሩ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የነፈግሁት የባትሪ ድንጋይ ስለሚበላ ነው። ከዕቃው ጋር በአንድ ሻንጣ ለመጣው ወረቀት ግን ኮከብ የለኝም። ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ስለ ወረቀቱ ነው፤ የዕቃው ጥቅም የታየኝ በእሱ ላይ ነውና።

ዕቃው የኪስ ራዳር ይባላል። መጠኑ ወፈር ካለ የእጅ ስልክ አይበልጥም። አሠራሩ የትራፊክ ፖሊስ መኪና ላይ ከሚያነጣጥረው ጋር አንድ ነው። ሞገድ ይልካል። ሞገዱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነክቶ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል። ከለውጡ ተነስቶ ፍጥነቱን ያሰላል። እናንተ የምታዩት ቁጥሩን ብቻ ነው። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ቁጥር ይወጣል፣ በቃ።

ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ቤዝቦል ይጫወታል፤ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ለገና ከእናቱ ጋር መጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ስለዚህ ዕቃው ገና ከሻንጣ ሲወጣ ዓይኔ አረፈበት። ወረቀቱን ያወጣችው እህቴ ናት። ከቡናው በፊት ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው።

ወረቀቱ የልጁ ፕሮፋይል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሾውኬዝ የሚሉት አገልግሎት አለ። ወላጅ ይከፍላል። ልጆች አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ይሮጣሉ፣ ይወረውራሉ፣ ይመታሉ። ቁጥራቸው ተጽፎ የኮሌጅ አሰልጣኞች እንዲያዩት ይሰራጫል። በእኛ ልጅ ወረቀት ላይ ፎቶው፣ ቁመቱ፣ ክብደቱ አለ። ከታች በደማቁ፦ 60 ያርድ ሩጫ 6.4 ሰከንድ። የውርወራ ፍጥነት በሰዓት 88 ማይል።

ከጎረቤቶቻችን ማንም ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ አያውቅም። ግን ሁሉም አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ከየት ወዴት ነው የወረወረው?» አሉ። ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። በቤዝቦል ወርዋሪው ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ ይቆማል። ኳሷ 145 ግራም ያህል ትመዝናለች። በአሜሪካ ትልቁ ሊግ የወርዋሪዎች ፈጣን ኳስ በአማካይ 94 ማይል አካባቢ ነው፤ በእኛ 151 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሮልዲስ ቻፕማን የወረወራት ከ105 ማይል አልፋ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ተጠግታለች። እንግዲህ 88 ማይል 142 ኪሎ ሜትር ሊሆን ምንም አይቀረው። የ11ኛ ክፍል ልጅ ይህን ያህል ከወረወረ አሰልጣኝ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

ሩጫው ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። ሩጫ ሥራዬ ነው። 60 ያርድ 54.86 ሜትር ነው። የ60 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን 6.34 ሰከንድ ነው፤ ክርስቲያን ኮልማን፣ እ.ኤ.አ. 2018። ከዚያ ላይ ትርፍ የሆኑትን አምስት ሜትሮች ቀንሱ። በዚያ ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ኮልማን 60 ያርድ ላይ ሲደርስ ሰዓቱ 5.9 አካባቢ ይላል። የእህቴ ልጅ ከዓለም ፈጣኑ ሰው በግማሽ ሰከንድ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው፤ ያውም በሣር ላይ፣ በታኬታ ጫማ። 6.4 የሚሮጡ ቤዝቦል ተጫዋቾች የሉም አልልም። አሉ። ግን ብርቅ ናቸው፣ ይህ ልጅ ደግሞ እንጀራ ላይ እንጅ ሌላ ቦታ ሲፈጥን አላየሁትም።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? በማግስቱ ልጁን ይዤ ሜዳ ወረድሁ። ከመጋዘን ሜትር አወጣሁ። 54.86 ሜትር ለክቼ በኖራ አሰመርሁ። ሰዓት የምንይዘው እኔና እናቱ ነን። ከዚያ ሌላ የስልኬን ቪዲዮ መስመሩ ላይ አቆምሁ፤ በኋላ ምስሉን አንድ በአንድ እየቆጠርሁ ለማየት።

ሮጠ። እናቱ «6.7!» ብላ ጮኸች። የእኔ 6.9 ይላል። ቪዲዮው 7 ሰከንድ ከትንሽ። ልብ በሉ፤ ልጁ አንድ ነው፣ ሩጫውም አንድ ነው። እናት የያዘችው ሰዓት ልጁ መስመሩን ሳይነካ ነው የሚቆመው። እህቴን ዋሸች አላልሁም፤ ጣቷ ነው የቸኮለው። የሚሮጥ ሰው ሲመጣ እያየን ቀድመን እንጫናለን። ሲነሳ ግን አይተን ነው የምንጫን፣ ስለዚህ እንዘገያለን። ሁለቱም ስሕተት ለሯጩ ያደላል። በነገራችን ላይ በዚያ ሩጫ ከ7 ሰከንድ በታች የገባ ተማሪ ፈጣን ይባላል። 7 ከትንሽ አያሳፍርም። በወረቀቱ ላይ ከ6.4 ጎን ሲቆም ነው የሚያሳፍረው።

ከዚያ ወደ ራዳሩ መጣን። የጎሉ አግዳሚ ላይ አሮጌ ፍራሽ ሰቀልን። 18.44 ሜትር ለካን። እኔ ከልጁ ጀርባ ቆሜ ያዝሁ። ወረወረ፤ 76። ደገመ፤ 78። አንዱ 79 አለ። ክንዱ ሲሞቅ አንዷ 81 ነካች፣ ከዚያ ተመለሰች። ልጁ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሸ፣ ያን ቀን እንደዚህ አልነበረም የለኩኝ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው።

«እንዴት ነበር?»

ወደ ኋላ ሄደ። እየተንደረደረ መጣና ሙሉ ሰውነቱን ጥሎ ለቀቃት። 86! ፍራሹ ከጎሉ ላይ ወረደ።

ነገሩ ይኸው ነው። ቤዝቦል ውስጥ ሜዳ ዳር ያለ ተጫዋች ተንደርድሮ ይወረውራል፤ ለእሱ ሥራው ነው፣ በደንቡም ይለካል። ወርዋሪው ግን አንድ እግሩን የተተከለው ሰሌዳ ላይ አድርጎ ነው ውርወራውን የሚጀምረው። ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን ያለው «የውርወራ ፍጥነት 88» ብቻ ነው። ቆሞ ይሁን ሮጦ፣ አንዴ ይሁን ደጋግሞ፣ በየትኛው ራዳር ይሁን፣ የተጻፈ ነገር የለም። አንዷ ምርጥ ውርወራ ተመረጠች፣ በመንደርደሪያ ላይ ትንሽ ተቀባችና የልጁ መታወቂያ ሆነች።

ራዳር ራሱ ይዋሻል ወይ የሚል አይጠፋም። ይህን ሆን ብዬ ሞከርሁት። ከጀርባ ሳይሆን ከጎን ሆናችሁ ከለካችሁ ቁጥሩ ያንሳል። ከኳሷ መስመር 20 ዲግሪ ዘወር ካላችሁ 6 ከመቶ ይቀንሳል። 30 ዲግሪ ከሆነ 13 ከመቶ። ያሳንሳል እንጅ አይጨምርም። አንዳንዴ የኳሷን ትቶ የሌላ ነገር ፍጥነት ይይዝና እንግዳ ቁጥር ያወጣል፤ እሱ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የተጋነነ ቁጥር ስታዩ ራዳሩን አትጠርጥሩ።

ቦታውም ለውጥ አለው። ኳስ ከእጅ ስትወጣና መቺው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷ አንድ አይደለም፤ አየሩ ከፍጥነቷ እስከ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኖላን ራያን 100.9 ማይል ወረወረ ተብሎ ሲመዘገብ የተለካው ኳሷ መቺው ጋ ልትደርስ ስትል ነበር። ዛሬ የሚለካው ከእጅ እንደወጣች ነው። የድሮውን በዛሬው አለካክ ብናየው ከዚያ በላይ ይሆን ነበር። በዚያው በ1974 ደግሞ ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላ ክንዱ ጅማት ወስደው ጠገኑት። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በተጫዋቹ ስም ይጠራል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ቁጥሩን አገኘ፣ አንዱ ክርኑን አስጠገነ። ዛሬ ይህ ቀዶ ሕክምና ገና ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ላይ ይሠራል። ሊጉ ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት የወርዋሪዎች ጉዳት የበዛው ፍጥነት ማሳደዱ ስለበዛ እንደሆነ ጠቁሟል። እህቴን ያስደነገጣት ይሄ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ስነግራት «ወንድምዬ፣ ምቀኛ አትሁን» ነበር የምትለኝ።

የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳስ እዚህ በመንገዷ ላይ የምታጣው ፍጥነት ያንሳል፣ ሩቅም ትሄዳለች። ከእጅ ስትወጣ ያላት ፍጥነት ግን በከፍታ አይጨምርም። ይህን ያነሳሁት እህቴ «የቨርጂኒያና የጎጃም አየር ስለማይገናኝ ነው» ብላ ስለተከራከረችኝ ነው።

ራዳሩ ሰፈር ውስጥ ወሬው ሲሰማ ሰልፍ ሆነ። የባጃጅ ሹፌሮች መጡ። «ሰማንያ ነው የምነዳው» ያለው በአርባዎቹ ውስጥ ወጣ። ወንጭፍ የያዙ ልጆችም ከገጠር ዘመዶቻችን ጋር መጥተው ነበር። እምቢ አልሁ። በትክክል ለመለካት ወይ ከወንጫፊው ኋላ ወይ ከዒላማው ጎን መቆም አለብኝ፤ ሁለቱም ቦታ ለጤና አይሆንም።

የገና ዕለት ግን ይዤው ወጣሁ። ሩሯ በዱላ ተመታ ወደ እኔ አቅጣጫ ስትመጣ 90 ኪሎ ሜትር አልፋለች። ሩጥ አልሁ ለራሴ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ቁጥሩን አዩና ናቁት። «በእኛ ጊዜ ሦስት መቶ ይሆን ነበር» አሉ። ማንም አልተቃወማቸውም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። እኛ ጎጃሞች ፉከራ እናውቃለን። ሰው ዘራፍ ብሎ ሲነሳ አንበሳ ገደልሁ ቢል አንበሳው የት አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ፎካሪውም ሰሚውም ፉከራ መሆኑን ያውቃሉ። የልጁ ወረቀትም ፉከራ ነው። ልዩነቱ ነጥብና ሰከንድ ተጽፎለት ሰነድ መምሰሉ ነው።

ደግሞ አሜሪካኖችን ብቻ እንዳላማ። እኔ ጋ አንድ ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ነበር፤ 100 ሜትር በ10.4 የሚል። ማን እንደጻፈለት ይቅር። ሮጥሁበት ያለውን ሜዳ ሄጄ በሜትር ለካሁት። ከጎል እስከ ጎል 91 ሜትር ነው። ሰዓት የያዘው ጓደኛው መጨረሻው ላይ ቆሞ ፊሽካ ሰምቶ ነው የተጫነው። ድምፅ 100 ሜትር ለመሄድ 0.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ልጁ ሮጦ ሰዓቱ ገና አልተነሳም። በትክክለኛ 100 ሜትር፣ በእጅ ምልክት አስነስቼ ስይዘው ወደ 12 ሰከንድ ተጠጋ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቢያሠለጥኑት ያሻሽላል። በ10.4 ግን ማንም አያሠለጥነውም፤ ካየው በኋላ «ውሸታም» ብሎ ይመልሰዋል።

የእጅ ሰዓት ነገር ትልልቆቹንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጂም ሃይንስ ሳክራሜንቶ ላይ 100 ሜትር በ9.9 ገባ ተባለ። ያኑ ሩጫ ኤሌክትሪክ መለኪያው 10.03 ነበር ያለው። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ላይ በኤሌክትሪክ 9.95 ሮጦ ነገሩን ራሱ ዘጋው። ከ1977 ጀምሮ በአጭር ርቀት የዓለም ክብረ ወሰን የሚጸድቀው በአውቶማቲክ ሰዓት ብቻ ሆነ። ለ100 ሜትር የእጅ ሰዓትን ከአውቶማቲኩ ጋር ለማስተያየት 0.24 መጨመር የተለመደ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ ይህችን ሁልጊዜ እጨምራለሁ፤ ይጠሉኛል።

የእህቴን ልጅ አንድ ማታ ብቻውን አግኝቼ ለምን እንደዚህ ያለ ቁጥር አስጻፋችሁ አልሁት። አልተደበቀም።

«ጋሸ፣ ሁሉም ይጨምራል። እኔ ብቻ እውነቱን ብጽፍ ቀርፋፋ እመስላለሁ። አሰልጣኙ ሳያነበኝ ያልፈኛል።»

መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ልጁ ያለው ከንቱ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አንድ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን የኮሌጅ ቤዝቦል ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ነው። እሱን ለሃያ ምናምን ልጅ እየቆረሰ ያድል ነበር። የፕሮፌሽናል ክለቦች ዓመታዊ ምርጫም ድሮ 40 ዙር የነበረው ከ2021 ወዲህ 20 ዙር ሆኗል። በር ሲጠብ ሰው ይጋፋል። ሾውኬዝ የሚያዘጋጀውም ልጆቹ ዝቅተኛ ቁጥር ይዘው ቢሄዱ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይከፍለዋል? ወላጅ ደስ ይለዋል፣ አዘጋጁ ይከፈለዋል፣ ልጁ ይኮራል። በዚህ መሐል ቁጥሩን ዝቅ የማድረግ ጥቅም ያለው ሰው የለም።

ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «አሰልጣኙ ሲመጣ በምን ያይሃል?»

«በራሱ ራዳር።»

በቃ፣ እሱው መለሰው። መልማዮቹ ኳሷን ከሚቀበለው ተጫዋች ኋላ ተደርድረው የየራሳቸውን ራዳር ይዘው ነው የሚቀመጡት። ወረቀቱ በር ያስከፍታል ብንል እንኳ በሩ ላይ የሚጠብቀው ሌላ ራዳር ነው። 81 የሚወረውር ልጅ 81 ተብሎ ቢሄድ «ቁመት አለው፣ ገና ያድጋል» ይባላል። 88 ተብሎ ሄዶ 79 ከወረወረ ክንዱ ታሟል ወይ ይባላል።

አብረን አዲስ ወረቀት ጻፍን። ከመወርወሪያ ቦታ፣ ቆሞ፣ በራዳር፦ 76 እስከ 79፣ ከፍተኛው 81። ተንደርድሮ፦ 86። 60 ያርድ፣ በቪዲዮ፦ 7 ከትንሽ። ቀኑንና ከፍታውንም ጨመርንበት። እህቴ አዲሱን ተቀበለች፣ የድሮውን ግን አልጣለችውም። ሁለቱንም አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የትኛውን እንደምትልክ እሷ ታውቃለች።

አሁን ለመግዛት ለምታስቡ። ዋጋው ለእኛ አይቀመስም፤ አንድ የስፖርት መምህር የወር ደመወዙን ሙሉ ቢሰጥ አይገዛውም። ለግል ልምምድ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለጦር፣ ለዲስከስና ለአሎሎ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ሜትር ይበቃል። ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ፕሮጀክት፣ ብዙ ልጅ ተራ በተራ የሚለካበት ከሆነ ግን ያዋጣል። የሯጭን ፍጥነት ከፊት ለፊት በደንብ ይይዛል። ልጆቼ 100 ሜትር ከመሮጥ ይልቅ ወደ ራዳሩ መሮጥ ይወዳሉ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያለፈ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አያናግርም። የእግር ኳስ ምትም ይለካል። ከሩቅ የመጣች ትንሽ ኳስ ላይ ግን ይደናገራል፤ ቀረብ በሉ።

ስትገዙ ማይልና ኪሎ ሜትር መቀየሪያውን መጀመሪያ ፈልጉ። እኛ ጋ በማይል ሲለካ 60 ያለው ልጅ ወደ ኪሎ ሜትር ሲዞር 97 ሆነና «አሁን ተሻሻልሁ» ብሎ ሰፈሩን አዞረ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ፊደሉም እንደ ጤፍ የደቀቀ። ሽፋን የለውም፤ የታኅሣሥ አቧራ መስተዋቱ ላይ ይጋገራል፣ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ድንጋዩ ትንንሹ ዓይነት ነው። ከሱቅ በርካሽ የገዛሁት ከሰዓት በኋላውን አልዘለቀም። የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ቻርጅ የሚደረጉትን ከነቻርጀራቸው አብሮ እንዲይዝ ንገሩት።